እጅ የሚነሳ ጣት

በየማለዳው ከግድግዳዬ ወዲያ የሾርባ ማንኪያ ድምፅ እሰማለሁ። ሾርባ ግን የለም። ጎረቤቴ እትዬ ሠላሳ ስድስት አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጡና ማንኪያውን ከተረከዛቸው ኋላ ሰክተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ እግራቸውን ወደ ጫማቸው ያንሸራትቱታል። ማንኪያው ወለሉ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ይቆማሉ፤ የጫማውን አፍንጫ መሬቱ ላይ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ጮክ ብለው «ይለቃል» ይላሉ።

«ይለቃል» የሚል ሰው የሌለበት ቤተሰብ አላውቅም። ካለም በባዶ እግሩ የሚሄድ ቤተሰብ መሆን አለበት። በአንዳንዱ ቤት አክስት ናት፤ በአንዳንዱ ቤት የሙሽራው ታላቅ ወንድም ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ጫማዋን ከጠረጴዛዋ ሥር አውልቃ የምትውል፣ አለቃዋ ሲጠራት በእግሯ እየዳበሰች የምትፈልግ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አትጠፋም። እነዚህ ሰዎች ስንት ቁጥር እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ ስለ ዘር ማንዘራቸው የተጠየቁ ይመስላቸዋል። ዐይናቸው እንባ አቅርሮ «ልክ ነው» ይላሉ። ሻጩ ጥርጣሬውን ፊቱ ላይ ካሳየ «ቆዳ እኮ ነው፣ ይለቃል» ብለው አፉን ያስይዙታል። ጫማ ግን እንደ ሹመኛ ነው፤ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ ያየው የለም። የሚለቀው እግር ነው።

ስሙን ያወጣላቸው ሕንፃችን ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። አንድ ቀን ደረጃ ሲወርዱ አንደኛው ጫማቸው ከእግራቸው ተስፈንጥሮ እሱ በር ላይ ያርፋል። ያነሳውና ውስጡ የታተመውን ቁጥር ያነባል። ከዚያ ቀና ብሎ እግራቸውን ያያል። እንደገና ጫማውን ያያል። ይቺ ጫማ የልጅ ልጅዎ ናት ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም የጫማ ቁጥር ሳይሆን የማዕረግ ስም እንደሚጠራ ሰው ቀጥ ብለው፣ የራሴ ናት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ይሉታል። ከዚያ ወዲህ በሕንፃው ውስጥ ሌላ ስም የላቸውም። ሰውየው ሊቀልድባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ምስጋና አድርገው ተቀበሉት። ምስጋና አድርጎ የተቀበለውን ሰው ደግሞ መቀለጃ ማድረግ እንደማይቻል ያን ጊዜ ነው የተማርኩት።

ክብርት እትዬ ሠላሳ ስድስት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ከደረት በላይ ነው የታዩት። ከባንኮኒው ሥር ያለውን ማን ያየዋል? ይህን ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እኔ ጥያቄ ጉሮሮዬ ላይ የሚያድርብኝ ሰው ነኝ፤ እሳቸውም ያወጡልኝ ስም «ዝምታ» ነው። ጠይቄያቸው ግን አልተቆጡም።

«እግር አይታይም፣ ይሰማል» አሉኝ። «እንግዳው ደክሞት ሲገባ የታኮሽን ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ያውቃል። ገባሽ፣ ዝምታ? ጫማ ለእግር አይደለም።»

ስለዚህ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን አድርገው፣ ፀጉራቸውን አሲዘው፣ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ድንገት ሊመጣ ይችላል። በእሳቸው አባባል ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው የትም የማይጠራ ሰው ነው። የሚመጣ ግን የለም። ወንድማቸው ሞቷል፤ የሆቴሉ ባልደረቦቻቸው ወይ ሩቅ ሄደዋል ወይ እንደ እሳቸው የየራሳቸው በር ፊት ተቀምጠዋል። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ በየጊዜው ይመጣል። ሻይ ይቀርብለታል፤ ሁለተኛ ይቀዳለታል፤ ስለ ልጆቹ ይጠየቃል። በሚቀጥለው ሲመጣ የልጆቹ ስም ከነጠባያቸው ይነገረዋል። ባለፈው ዓመት ሰውየው ተቀየረና አዲሱ ቆጣሪውን ኮሪደር ላይ ቆሞ አንብቦ ሄደ። እትዬ ያን ቀን ሻዩን ሁለት ጊዜ ሲያሞቁት ሰምቻለሁ።

ስልካቸው የሚጮኸው በስሕተት ነው። ቁጥራቸው የአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ቁጥር ታናሽ እህት መሆን አለበት። እሳቸው ግን ተሳስተዋል ብለው ዘግተው አያውቁም። በዚያ በሚያምር የሆቴል ድምፃቸው ማንን ልጥራልዎት ይላሉ። ደዋዩ የፈለገውን ሰው ይናገራል። አሁን የሉም፣ መልእክት ልያዝልዎት ይላሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ስለሚያፈስ ጣሪያውና ስለ ክፉ አናጢው ረጅም ታሪክ ሲያወራላቸው በግድግዳው በኩል የእሳቸውን «እሰይ»፣ «አይዞዎት» እና «ኧረ ተው» ስሰማ ቆየሁ። በመጨረሻ «እነግርልዎታለሁ» ብለው ዘጉ። ለማን እንደሚነግሩለት እንጃ። ማታ ለእኔ ነገሩኝ።

አንድ ቅዳሜ ጫማ ልገዛ ነው፣ ነይ ተከተይኝ አሉኝ። ሻጩ ትሑት ወጣት ነበር። እንዳያቸው ወንበር ሳበላቸው፤ የእግር መለኪያውን ብረት ይዞ ተንበረከከ። እትዬ ብረቱ ይቀዘቅዛል ብለው ሊሸሹ ሞከሩ፤ እሱ ግን ተረከዛቸውን ቀስ ብሎ ይዞ፣ አጎንብሶ አነበበና፣ ሠላሳ ዘጠኝ አለ።

እትዬ እግራቸውን ከብረቱ ላይ ሰበሰቡ።

«ልጄ» አሉት እትዬ፣ «አባትህ በሕይወት አሉ?»

አሉ አላቸው፣ ግራ ገብቶት።

«ያቆይልህ። እሳቸው ናቸው ለሴት እንዲህ ብለህ እንድትናገር ያስተማሩህ?»

ሠላሳ ስድስት መጣ። እትዬ ከቦርሳቸው ማንኪያ አወጡ። አዎ፣ ይዘውት ይሄዳሉ። ሻጩ እግራቸው ወደ ጫማው ሲገባ ፊቱን እያኮማተረ ተመለከተና፣ በአክብሮት፣ እንዲለቅ የሚጠብቁት ጫማው ነው ወይስ እግርዎ ብሎ ጠየቃቸው። ቀድሞ የተሸነፈው፣ አሉት። ከዚያ አርባ ቁጥር የሚያደርገውን የእኔን እግር እያዩ፣ አንቺማ መርከብሽን ይዘሽ ነው የምትዞሪው፣ ብለው ለሻጩ አዘኑለት።

እግራቸውን ራቁቱን ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። አውራ ጣታቸው ወደ ጎረቤቶቹ ተጋድሞ ሥሩ ላይ ያለው አጥንት እንደ ሽንኩርት አብጧል። ሁለተኛው ጣት ከአውራ ጣቱ ይረዝማል፤ ቦታ ሲያጣ ወገቡ ላይ ተጣጥፎ ወደ ላይ ጎብጧል፤ ጫፉ ደግሞ ወደ ታች መሬት ይቆፍራል። ጉብታው ላይ ቆዳው ደንድኖ፣ በደነደነው ላይ ቀልቷል። ምን አፈጠጥሽ አሉኝ። ጨዋ ጣት ነው፤ ዕድሜ ልኩን እንግዳ ሲቀበል ስለኖረ እጅ ይነሳል። ደግሞም የዘር ነው፤ እናታቸውም እንዲሁ ነበሩ፤ ጣታቸው እጅ እየነሳ ኖሮ እጅ እንደነሳ ተቀበረ። አምስት ጣት እኩል አይደለም የተባለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ካላጎነበሰ ሌሎቹ እንዴት ይከበራሉ?

ያላደረጉለት ነገር የለም። በጣቶቹ መሐል ጥጥ ይጠቀጥቃሉ። ማታ ለብ ባለ የጨው ውሃ ይነክሩታል። ጉብታው ላይ ፕላስተር ይለጥፋሉ፤ ፕላስተሩ ውፍረት ስለሚጨምር ጫማው የባሰ ይጠባል፤ የባሰ ስለሚጠብ ሌላ ፕላስተር ይጨምሩበታል። ጫማ ሰፊው አንዱን ጫማ በእንጨት ወጥሮ አሳደረው፤ በማግሥቱ ስፌቱ ተተረተረ እንጂ አልለቀቀም። ፀጉር አስተካካዩ የደነደነውን ቆዳ በምላጭ ልቅረፈው ብሎ ነበር፤ እግዜር ይስጠውና ያን ቀን መብራት ጠፋ።

ዩኒቨርሲቲ ግጥም ሲያስተምሩን ስንኝ በዐይን አይመዘንም፣ በጆሮ ነው ይሉን ነበር። የእትዬ እርምጃ ኮሪደራችን ላይ ለዓመታት ያልተዛነፈ ስንኝ ነበር። ባለፈው የክረምት መግቢያ ላይ ግን አንድ ቀለም ጎደለው። ቀጭ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ጎተት። ቀጭ፣ ዝም፣ ጎተት። በጆሮዬ ይዤው ብዙ ከረምኩ። በመጨረሻ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ወለሉን እያየሁ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳቸው። ለእኔ ያ ንግግር እንደ አዋጅ ነበር። እሳቸው ግን ሳይከራከሩ እሺ አሉ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ብቻቸውን ሄደው መጡ።

ማታ ስመለስ ኮሪደሩ የሠርግ ቤት መስሏል። እትዬ የራጅ ፊልማቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው፣ ፀጉር አስተካካዩንና የላይኛውን ፎቅ ባልና ሚስት ፊቱ አቁመው ያስረዳሉ። ሐኪሙ አጥንታቸው የወጣት ነው ብሏል። አንዳች የተጣመመ ነገር የለም። እነሆ ጣት፣ እነሆ አጥንት፣ ቀጥ ያለ እንደ ሻማ። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አዘንብሎ ተመለከተና፣ የእትዬ ጣት መርዘሙ ይገርማል አለ። ሚስትየዋ ደግሞ ታዲያ ይኼን ያህል ቀጥ ያለ ከሆነ ለምን ያነክሳሉ ብላ ጠየቀች። እሱን ሐኪሙ አልጠየቀኝም፣ አሉ እትዬ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። ከአንደኛው ጣት ግርጌ ነጭ ክብ ነገር ይታያል።

«እትዬ» አልኩ፣ «ቀለበትዎ እግርዎ ላይ ነው እንዴ?»

ቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተው አዩት። ቀለበቷ ድሮ እንግዶች እንዳያስቸግሯቸው ብለው ራሳቸው የገዟት ናት። ራጅ የሚያነሳው ልጅ ያውልቋት ብሏቸው አልወልቅ ብላው ነበር። እሷንም ሲገዟት ይለቃል ብለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ምንዎን ነው ብላ ትጠይቃቸዋለች። ጣቴን ይላሉ። እሳቸው ምን አጠፉ? ቋንቋችን ለእጅም ለእግርም አንድ ቃል ነው የሰጠን። የትኛውን ትላለች፤ የቀኙን፣ ሁለተኛውን ይላሉ። እሱም እውነት ነው። ከዚያ ሐኪሙ እስቲ ጣትዎን ብሎ እጁን ወደ እጃቸው ሲዘረጋ፣ ማረም ሲችሉ አላረሙም። ያምዎታል ሲላቸው አልፎ አልፎ አሉት። እንደዚያ ሆኖ ጤነኛው እጃቸው በራጅ ታየ።

ፈሩ ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ወይም አፈሩ። ሻይ ቀድተው አቀበሉኝ።

«ተራ የሚጠበቅበት ቦታ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ» አሉኝ። «ፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ፤ ጫማቸውን ልጃቸው ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ከጎኔ አንዲት ወጣት፤ ባሏ የጫማዋን ማሰሪያ በጣቱ አንጠልጥሎ ያወዛውዘዋል። ሁሉም ጫማ ያዥ አለው። ዙሪያውን አየሁ፣ ዝምታ፣ ሁሉም አለው። እኔ ባወልቀው የት ላስቀምጠው ነው?» ስኒያቸውን አዞሩት። «እጅ ለማሳየት ሰው አያስፈልግም።»

እኔ እይዝልዎታለሁ አልኳቸው። ሥራ አለሽ አሉና ስለ ግንባታ ዕቃ መደብሩ ማውራት ጀመሩ።

አንድ ጠዋት የማንኪያው ድምፅ አልተሰማም። ጥርሴን እየቦረሽኩ ጠበቅሁ፤ ልብሴን ለብሼ ጠበቅሁ። ከዚያ አንኳኳሁ። ክፍት ነው አሉኝ፣ በቀጭን ድምፅ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልብሳቸው የትናንቱ ነው። የቀኝ እግራቸው ጫማው ውስጥ ነው፤ ከጫማው አፍ በላይ ያለው ሥጋ እንደ ቦካ ሊጥ ገንፍሎ ወጥቷል፤ ቅላቱ ቁርጭምጭሚታቸውን አልፏል። ማንኪያው በሁለት እጃቸው መሐል ነው፤ ሊያስገቡበት ሳይሆን ሊያወጡበት ሲሞክሩበት አድረዋል።

«አልለቅ አለኝ» አሉ።

ያቺን ቃል በአሉታ ሲናገሯት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ፀጉሩን ላጭቶ ትቶት መጣ፤ አዘላቸውና ደረጃውን ወረደ። እየወረደ፣ እትዬ ቁጥርዎ ሠላሳ ስድስት ነው እንጂ ኪሎዎ አይደለም ይላቸዋል። እሳቸው ጀርባው ላይ ሆነው የፀጉሩን አቆራረጥ ይተቹበታል። ሁለቱም ፈርተው ነበር።

የአጥንት ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጫማውን በመቀስ ቀደደችው። እትዬ እግራቸው ሲታይ አላለቀሱም፤ ቆዳው ሲቀደድ ግን ፊታቸውን አዞሩ። የጣቱ ጉብታ ላይ ያለው የደነደነ ቆዳ ተፈንቅሎ ከሥሩ ቁስል ሆኗል፤ ቁስሉ አመርቅዟል። ሐኪሟ አጎንብሳ ብዙ አየችው። ከዚያ ነገሩን ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው። ቁስሉ ሥጋ ላይ ብቻ ከሆነ በመድኃኒት ይድናል። አጥንቱ ውስጥ ከገባ ግን ጣቱን ማትረፍ ላይቻል ይችላል፤ ሲብስም ከጣቱ አልፎ ይሄዳል። ስኳር አለብዎት ወይ ብላ ጠየቀች፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ጫማ እየበላው አይሰማውም አለች። የለባቸውም። እሳቸውማ እየተሰማቸው ነው የኖሩት።

ቀጥላ ካርዱን እያየች፣ ቀና ሳትል፣ አብሮዎት ያለው ማን ነው አለች።

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ የሆቴል ድምፅ ሊወጣ ነበር፣ ማንም የለም የሚለውን አሳምሮ ሊናገር። «እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣና ኮሪደር ላይ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩኝ። የግራ ጫማቸው እጄ ላይ ነበር። መቼ እንደያዝኩት አላውቅም።

ራጁ እስኪታይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ጣቱን ቢቆርጡት እኮ» አሉ እትዬ፣ ግድግዳውን እያዩ፣ «ሠላሳ አምስት እሆን ነበር።»

አብረን ሳቅን። እየሳቅን እጄን ያዙት፤ ቀለበቷ ቆረቆረችኝ፤ ፊልሙ እስኪወጣ አልለቀቁኝም።

አጥንቱ ተርፏል። ሐኪሟ ፊልሙን ከመብራቱ ላይ ሰክታ ስታሳያቸው፣ እትዬ እንደ ልማዳቸው የእናታቸውን ጣት ታሪክ ጀመሩ። ሐኪሟ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ልክ ናቸው አለች። ከአውራ ጣት የሚረዝም ሁለተኛ ጣት በዘር ይመጣል፤ የውስጥ እግሩ በጣም የጎደጎደ ሰውም የጣት መጉበጥ ይገጥመዋል፤ የመገጣጠሚያ በሽታና አደጋም ያመጡታል።

«ስለዚህ እግሩን ከእናትዎ ወርሰዋል» አለቻቸው። «ጫማውን ግን ራስዎ ነዎት የገዙት።»

እትዬ ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩት።

ከዚያ በኋላ የነገረችን እንዲህ ነው። ጣት ጠባብ ቦታ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲከርም ጅማቱ በዚያው ልክ ያጥራል። መጀመሪያ ላይ በእጅ ሲያቃኑት ይቃናል፤ ያን ጊዜ ቢመጡ ሰፊ ጫማ፣ ጉብታው ላይ የሚደረግ ልስልስ መከላከያ፣ ወለል ላይ የተነጠፈ ፎጣ በእግር ጣት እየሰበሰቡ ማለማመድ ይበቃ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን መገጣጠሚያው ይደርቃል። ያን ጊዜ ቀና በል ቢሉት አይሰማም። ለእትዬ ጣት የቀረው ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱም ቁስሉ ከዳነ በኋላ። የደረቀውን መገጣጠሚያ ጥቂት ይቆርጡለታል፤ ቀጥ ብሎ እስኪጠና ከጫፉ ቀጭን ሽቦ ያስገቡለታል፤ ከሳምንታት በኋላ ሽቦው ይወጣል።

እንደዚያው ሆነ። ሽቦው ከጣታቸው ጫፍ ብቅ ብሎ ሲታይ እትዬ አንቴና ተከሉብኝ አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር ዛሬ የትኛው ጣቢያ ነው ይላቸዋል። እሳቸው እግራቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና አየሩ ጥሩ አይደለም፣ ያንሾካሹካል ይሉታል።

እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት እየሄድኩ ፋሻቸውን እቀይር ነበር። ነርሷ እንዳሳየችኝ እጄን ታጥቤ፣ አሮጌውን በእርጥብ ጥጥ አላቅቄ፣ አዲሱን ሳላጠብቅ እጠመጥማለሁ። ጠበቅ አድርጊው ይሉኛል፤ እሺ ብዬ አላጠብቅም። ሌሊት ያየሁትን ሕልም ይጠይቁኛል። ትናንት በስሕተት የደወለውን ሰው ጉዳይ ከቆመበት ይቀጥሉልኛል፤ ጣሪያው ተጠግኖ አሁን ደግሞ አማቱ መጥታበታለች። ከበሩ ፊት ለፊት የነበረችው ወንበር ወደ አልጋው ተዛውራ እግራቸው ተሰቅሎባታል። ጫማ ሳያደርጉ ሰው ሲቀበሉ ይኸው መጀመሪያቸው ነው። እኔም ብሆን ከዚያ በፊት ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ የሚለኝ ያ ማንኪያ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ፋሻውን ጨርሼ እንኳ ቁጭ እል ነበር፤ አለቃዬም ለምን እንደማረፍድ ይጠይቀኝ ነበር።

ሽቦው ከወጣ በኋላ ጫማ ሊገዙ ወደዚያው ሱቅ ሄድን። ሠላሳ ዘጠኝ፣ አፉ ሰፊ፣ ታኮው ዝቅ ያለ፣ አሉት ልጁን፤ ለጎረቤቴ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ የጎረቤትዎ እግር ይሞክረው ብሎ እሳቸው ፊት ተንበረከከ። ጫማው ያለ ማንኪያ ገባ። እትዬ ተነስተው ሱቁን ዞሩት። ድምፅ የለውም ብለው ቅር አላቸው።

አሁን ሰባኪ ሆነዋል። መንገድ ላይ ሹል ጫማ ያደረገች ሴት ካዩ ያስቆሟታል፤ ልጄ፣ ጣትሽ ገና ይቃናል፣ ሳይደርቅ ቶሎ በይ ይሏታል። አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ አስቁመው ስለ ጅማት አስረድተዋል። ፀጉር አስተካካዩ ታዲያ ስምዎ ሠላሳ ዘጠኝ ይባል ወይ ቢላቸው፣ ማዕረግ አይሻርም ብለውታል።

ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው ስላቸው እንደ ትልቅ ሰው አሰቡበት። የጻፍኩትን ሳነብላቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። የእጁን ራጅ ጻፊው አሉ፤ አንቴናውን ጻፊው፤ ቁጥሩንም ጻፊው፣ ዕድሜዬን እስካልነካሽ። የመብራት ቆጣሪው ሰውዬ ጋ ስደርስ እሱም አይቅር አሉ። አንዲት ነገር ብቻ ተይልኝ አሉኝ። እኔ እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም። ዝምታ ብለው ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ደግሞም ጋዜጣ ሲያነቡ ከመሐሉ በላይ እንደማይዘልቁ፣ መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ እንደሚያንኮራፉ በግድግዳው በኩል አውቃለሁ። ስለዚህ መጨረሻው ላይ አድርጌዋለሁ።

ሽቦው የወጣ ዕለት ነው። ሐኪሟ ጣቱን ወዲህ ወዲያ አድርጋ ድኗል፣ ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግዎትም አለቻቸው። እኔ ታክሲ ላቆም ወጣሁ፤ ጃንጥላዬን ረስቼ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ግራውን መቼ ነው የምንሠራው?» ይላሉ እትዬ።

«ግራው ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምንሠራው?»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሲመልሱላት ድምፃቸው የሆቴሉ ድምፅ አልነበረም።

«ልጅቷ» አሉ፣ «ጠዋት ጠዋት ትመጣ ነበር።»